ጦስኙ ውስጥ ስንት አለ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ባህል መድኃኒት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጦስኝ ለሳል፣ ዳማከሴ ለምች ብላችሁ ዘርዝራችኋል፣ ጥሩ ነው። ግን ልኩን የሚያነሳ አንድም መስመር አጣሁ። አንድ ፌስታል ጦስኝ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ነገር ስንት አለ?

የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ ከዕፅዋት ተርፒኖይድ የሚባሉ ውህዶችን እንለካለን። ስሙ አያስፈራችሁ። ጦስኝ አሸት ስታደርጉ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ሽታ እሱ ነው። የጦስኝ ዋናዎቹ ታይሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ።

አለካኩ አረቄ ማውጣትን ይመስላል። የደረቀው ቅጠል ተመዝኖ ውሃ ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ከመቶ ግራም ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ይነበባል። ከዚያ ዘይቱ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ውስጥ ገብቶ ውህዶቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ። እዚህ ላይ ነው ጣጣው፤ ታይሞልና ካርቫክሮል ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ናቸው፣ የሚለያቸው የኦክስጅኗ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ የሁለቱም ንጹሕ ናሙና ለማወዳደሪያ ከሌለህ አንዱን በሌላው ስም ልትጠራው ትችላለህ። ያ ናሙና ደግሞ ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው።

አንድ ጊዜ ከሁለት ሻጮች ጦስኝ ገዝቼ አፈላሁ። አንዱ ጥላ ላይ የደረቀ፣ አረንጓዴነቱ ያለቀቀ ነበር፤ ዘይቱ ወዲያው ታየ። ሌላው ፀሐይ የመታው ነበር፣ ከሱ ዘይት ወጣ ለማለት ይከብዳል። የሸጡልኝ እናት አልዋሹኝም፣ ጦስኝ ነው የሸጡልኝ። ግን ሽታው በኖ አልቋል፤ ያንን አፍልቶ ለታመመ ልጅ የሚሰጥ ሰው ምን እየሰጠ ነው? ማድረቂያው ብቻም አይደለም። የበቀለበት ቦታና የተለቀመበት ጊዜም ልኩን ይለውጡታል።

ሩቅ ሳንሄድ እንዶድን እንይ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተሕዋስ የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። የሚገድላቸው ሳፖኒን የሚባለው፣ እንዶዱን እንደ ሳሙና አረፋ የሚያስወጣው ውህድ ነው፣ እሱም ከተርፒኖይድ ወገን ነው። ሥራው ግን እዚያ አላበቃም። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶች ተወዳደሩና ኃይለኛው ተመረጠ፤ ዛሬም 44 በሚለው ቁጥሩ ይታወቃል። እንዶድ ሁሉ አንድ ቢሆን ኖሮ መምረጥ ለምን ያስፈልግ ነበር?

አርቴሚሲያ ከሚባል ተክል የሚወጣው የወባ መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒንም ተርፒኖይድ ነው። እሱ ሙቀት ስለሚያፈርሰው በጋዝ ክሮማቶግራፊ በቀጥታ አይለካም፣ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአርቴሚሲያን ቅጠል አፍልቶ መጠጣትን ከማይደግፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው።

ማነስ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። የኮሶ ውህድ ከተርፒኖይድ ወገን ባይሆንም፣ ኮሶ ከልክ ያለፈ ሲወሰድ ዓይን እንደሚጎዳ በሕክምና ተመዝግቧል። እናቶቻችን ልክ ያውቁ ነበር፣ በእፍኝ፣ በቁንጥጫ። ግን የሚያውቁት የጓሯቸውን ተክል ነበር። ዛሬ እኛ ከየት እንደመጣ የማናውቀውን ታሽጎ ሱፐርማርኬት ውስጥ እንገዛለን።

የሚያሽጉት ሰዎች የተለቀመበትን ቦታና ወር፣ ከመቶ ግራም የሚወጣውን ዘይትም እሽጉ ላይ ይጻፉልን። ዘይቱን መለካት ብቻ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፣ ማፍያና እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዝ ቱቦ ያለው ሁሉ ይችለዋል። እናንተም በሚቀጥለው ስለ ጦስኝ ስትጽፉ፣ የት ተለቀመ፣ ጥላ ላይ ነው ፀሐይ ላይ የደረቀው፣ ዘይቱስ ተለክቷል ወይ ብላችሁ ሻጩን ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ