«አይዞዎት ጋሼ፣ ይሰፋል»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ታክሲ ሰልፍ የሚጽፍላችሁ ሞልቷል። እኔ የመጣሁት በጫማ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ጥር የመጀመሪያ ልጄን ዳርኩ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ አሮጌ ጫማዬን በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ «ይህን አድርገህ ነው ሙሽራዋ ጎን የምትቆመው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሶሉን ሁለቴ አስቀይሬዋለሁ፣ ጎኑም ተሰነጣጥቋል። ግን እግሬን ያውቀዋል። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውለው በዚያ ጫማ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መርካቶ ወረድኩ። የሱቁን ስም አልጠራም። ሱቅ ከሚባል ቁም ሳጥን ቢባል ይሻላል፤ መቀመጫ የለውም። ካርቶን ላይ አረፍ ብዬ የግራውን ብቻ ሞከርኩ። የቀኙ «ላይ ነው፣ ያው አንድ ናቸው» ተባልኩ። 42 ቁጥር፣ ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ ሲያዩት የሚያምር። ትንሿን ጣቴን ያዝ እንዳደረገኝ ስነግረው ልጁ አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ ጫን አደረገና «አይዞዎት ጋሼ፣ ንጹሕ ቆዳ እኮ ነው፣ ይሰፋል» አለኝ።

አልዋሸም። ቆዳ ይሰፋል። መቼ እንደሚሰፋ ግን አልነገረኝም።

የሰርጉ ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ ተጫማሁት። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በር ላይ ተከልክለው ሲጨፍሩ ተረከዜን ማቃጠል ጀመረ። አዳራሽ ስንደርስ እኔና ባለቤቴ በር ላይ ቆመን እንግዳ መቀበል ነው። የአገራችንን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ፣ አራቴ። በተሳሳምን ቁጥር ክብደቴ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይሄዳል። ከመቶኛው ሰው በኋላ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አክስቴ አቀፈችኝና «አይዞህ ልጄ፣ ሴት ልጅ መዳር እንዲህ ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ እስካሁን «የአባት ሆድ» ይላል።

ወንድሜ ደግሞ ጎትቶ መሐል አስገባኝ። እስክስታ የትከሻ በመሆኑ ፈጣሪዬን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው። እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ በትከሻዬ ብቻ ተወጣሁት።

ማታ ካልሲውን ሳወልቅ ቆዳዬም አብሮ ተላጠ። ተረከዜ ላይ የቋጠረው ውሃ ፈንድቷል፣ ትንሿ ጣቴ ቀይ ቃሪያ መስላለች። ባለቤቴ ለብ ያለ ውሃ በጨው አቀረበችልኝ። የአሮጌውን ጫማ ነገር አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም።

እግሬን ነክሬ ሳለሁ አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። ሮም ላይ አዲሱ ጫማ አልስማማው ሲል ተወውና፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ፣ ከዚያም ሦስት ደቂቃ ቀንሶ አሸነፈ። ጫማ ጠልቶ አልነበረም ማለት ነው፤ ልኩን አጥቶ እንጂ። እሱስ አውልቆ ሮጠ። የሙሽራ አባት የት አባቱ ያወልቃል?

ከሰርጉ በኋላ ጫማውን ሰፈራችን ጃንጥላ ሥር ለሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። ውስጡን በአልኮል አረጠበና የእንጨት ፎርማ ከተተበት፤ ትንሿ ጣት በምታርፍበት በኩል ቁራጭ ቆዳ ደረበበት። ሁለት ሌሊት አሳደረው። ተረከዙንም በመዶሻ ቀስ እያለ አለሰለሰው። እየቀጠቀጠ ገሠጸኝ። «ጠዋት ጫማ ይገዛል እንዴ? እግር እኮ ወደ ማታ ያብጣል። ቆዳው ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይለቅም። አዲስ ጫማ ቤት ውስጥ ነው የሚገራው፤ በወፍራም ካልሲ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ሳምንት።»

እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል በባዶ እግሬ የተማርኩ የገጠር ልጅ ነኝ። ጣቶቼ ተበታትነው ነው ያደጉት። እንደኔ ያለ ሰው ደግሞ በዚህ አገር ጥቂት አይደለም። 43 ውሰድ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቁጥር ሲጨምር ርዝመቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ያን ጊዜ ተረከዜ ይዋኛል። የቸገረኝ ስፋቱ ነው። የአገር ውስጥ ጫማ ሠሪዎች ከየቁጥሩ ጥቂቱን እንኳ በሰፊ ፎርማ ቢሠሩና ካርቶኑ ላይ «ሰፊ» ብለው ቢጽፉበት ምን ይከብዳቸዋል? ባለ ሱቆችም አንድ በርጩማ አስቀምጡልን። ሁለቱንም እግር አስሞክሩን፣ እስከ በሩ ደርሰን እንመለስ። ይዘን አንጠፋም፤ አሮጌ ጫማችንን እናንተ ዘንድ ትተን የት እንሮጣለን?

ጫማው አሁን ሰፍቷል። ይህን የምጽፈውም እሱን አድርጌ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ ለግንቦት ቀን ቆርጣለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ትናንት ማታ «ለዚያኛው ቡናማ ነው የሚሄደው» ስትል ሰማኋት።

የሙሽራ አባት
ከሽሮ ሜዳ