ላስቲኩን ሳታይ ዓባይ በረሃን እንዳትወርድ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 13

ለልጄ ለይበልጣል፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ትናንት ሚካኤልን ተሳልማ መጣች፤ ስትመለስ ግን ዳገቱ ላይ ጉልበቷ አስቸግሯት ሁለት ቦታ አርፋለች።

በደብዳቤ ያደረግሁት በስልክ ስነግርህ «እሺ አባዬ» ብለህ ስለምትዘጋው ነው። አብሮህ የሚሠራው ልጅ ቅዳሜ ከብቸና መጥቶ ቤት ገብቶ ነበር። ጉድጓድ ስታገኙ ቪጎዋ ፒክ አፕ ከፊት በግራ በኩል «ቋ፣ ቋ» ትላለች፣ ይበልጣል ደግሞ ያኔ ሙዚቃውን ከፍ ያደርገዋል አለኝ። እንዳትቆጣው፤ ጨንቆት ነው የነገረኝ። ሐሙስ ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ እንደምትሄድም ከእሱ ነው የሰማሁት። አባቴ፣ የቦል ጆይንቷን ላስቲክ ሳታይ ከደጀን ቁልቁል እንዳትወርድ።

ቦል ጆይንት ማለት የፊት ጎማውን ከሚይዘው የብረት ክንድ ጋር የምታያይዝ፣ ቤቷ ውስጥ የምትዞር የብረት ኳስ ናት። ግሪሱን ይዞ የሚያቆይላት፣ ውሃና አሸዋ የሚከለክልላት ከላይ የለበሰችው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ቴስቲናውም፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ፣ እንደዚያው ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ውሃው ግሪሱን ያጥበዋል፤ የገባው አሸዋ ከቀረው ግሪስ ጋር ይለወስና ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ኳሷ የሰፋ ቤቷን ስትመታ ነው። እያደር ኳሷ ከቤቷ ወጥታ ትቀራለች፤ ያኔ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ መሪውን ብታዞረው አይታዘዝህም።

ነገ ጠዋት ሜዳ ቦታ አቁማት። የኋላ ጎማ ላይ ታኮ አድርግ፤ የእጅ ፍሬን ብቻ አይበቃም። የቪጎ ሞላ የሚያርፈው የታችኛው ክንድ ላይ ስለሆነ ክሪኩን ክንዱ ስር፣ ለቦል ጆይንቱ በተቻለህ መጠን አስጠግተህ አግባው። እንዲህ ካላደረግህ ጭነቱ ከኳሷ ላይ ስለማይነሳ ያረጀውም ጠንካራ መስሎ ያታልልሃል። ጎማው ከመሬት ትንሽ ሲለቅ ሻሲው ስር የብረት ማቆሚያ አስገባ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስር እጅህን እንኳ አታስገባ።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተነቃነቀ ልጁ ፍሬን ይርገጥልህና ድገመው፤ ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ግራና ቀኝ ይዘህ ስትወዘውዘው ከላላ ቴስቲናውን ጠርጥር። መጨረሻ ላይ ረጅም ብረት ጎማው ስር አስገብተህ ወደ ላይ ፈንቅለው፣ ልጁ ደግሞ በባትሪ እያበራ ኳሷ ቤቷ ውስጥ ከፍ ዝቅ ትል እንደሆነ ይመልከት። ካለች አትንዳት። አለቃህ ቢቆጣም ቁልፉን አስረክብ እንጂ አትንዳት።

ላስቲኩን ደግሞ በዓይን ብቻ አትለፈው። ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው ዋልካ ከታች ገብቶ ይደርቃል፣ እጥፋቱን ይሞላዋል። መጀመሪያ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠበው፤ ከዚያ ጣትህን ዙሪያውን አዙር። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከኋላ በኩል፣ እጥፋቱ ውስጥ ነው። ጣትህን ግሪስ ከነካው በሁለት ጣትህ እሸው። ለስላሳ ከሆነና ንቅናቄም ከሌለ ላስቲኩን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ አሮጌውን ግሪስ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገህ በአዲስ ትሞላዋለህ። ከተንኮሻኮሸ ወይም ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ከወጣ ግን ላስቲክ መቀየር ከንቱ ነው፣ ሙሉውን ቦል ጆይንት ቀይር።

የእናትህን ጉልበት ነገር ታውቃለህ። የማታውቀው፣ ያን ሰሞን የነጯን ፒክ አፕ የቀኝ ላስቲክ ተቀዶ አይቼው ነበር። ከላይ ግሪስ ለቅልቄ «እስከ መስቀል ትቆያለች» አልኩ። ነሐሴን አልጨረሰችም። ከፊት የተቀመጠችው እናትህ ነበረች። አንድ ቀንም ወቅሳኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ትናንት ዳገቱ ላይ ቁጭ ስትል ያሰብኩት ያንን ላስቲክ ነው። አንተንም መሪ ከማስያዜ በፊት መኪና ስር መተኛት ማስተማር ነበረብኝ።

ቦል ጆይንቱ የግሪስ ኒፕል፣ ማለት ግሪስ የሚገፋባት ትንሽ አፍ፣ ካለው በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ በክረምት ከወንዝና ከጭቃ ስትወጣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ግሪስ ስጠው። ኒፕሉን መጀመሪያ ጥረገው፣ አለዚያ ቆሻሻውን በፓምፕ ወደ ውስጥ ነው የምትገፋው። ቁጥር 2 የሊቲየም ግሪስ ይሁን። ላስቲኩ መነፋት ሲጀምር አቁም፤ ሁለት ሦስት ግፊት ይበቃዋል፣ ከበዛ ላስቲኩን ራስህ ታፈነዳዋለህ። ኒፕል ከሌለው ያለው ግሪስ ፋብሪካ የሞላለት ብቻ ነውና ላስቲኩን እንደ ዓይንህ ጠብቅ። እጥበት ቤት ከታች በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት እንርጭላት ሲሉህ እንቢ በል፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ አቧራም ይሰበስብበታል። በኃይል የሚወጣውንም ውሃ የላስቲኩ ከንፈር ላይ አያነጣጥሩብህ።

የሚቀየር ከሆነ አጠገባቸው ቁም። ዳዶውን የሚቆልፈው ሽቦ፣ ኮፒሊያው፣ ይውጣ፣ ዳዶው ይላላ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይፈታ፤ ሲላቀቅ ክንዱ ተወርውሮ እንዳይመታቸው ይይዘዋል። መዶሻው የሚያርፈው ቡሎኑ ጫፍ ላይ ሳይሆን ቡሎኑ በሚገባበት ብረት ጎን ላይ ነው። መፈንቀያ ሹካውን ለሚጣለው ቦል ጆይንት ብቻ ይጠቀሙበት፣ ደህናውን ላስቲክ ይቀደዋል። ዳዶው ጠብቆ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ይጥበቅ እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ኮፒሊያ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ቴስቲና ከተቀየረ አላይመንት ሳታስይዝ ረጅም መንገድ አትውጣ፣ የፊት ጎማህን በአንድ በኩል ይጨርሰዋል። ጎማው ከተፈታ 100 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ዳዶዎቹን መልሰህ አጥብቅ።

በዚያው ልጅ ጆንያ ልኬልሃለሁ። ከታች የግሪስ ፓምፑ፣ አንድ ቆርቆሮ ግሪስና 6 ኮፒሊያ አለ፤ ከላይ ያለው የእናትህ ድርቆሽ ነው፣ ግሪሱ ሳይነካው ቶሎ አውጣው። ካፖርትህንም አድርገናል፣ ሌሊት እንዳይበርድህ።

ረቡዕ ማታ ደውልልኝ። «ደህና ናት» እንዳትለኝ። የግራውን ላስቲክ በጣትህ ዙረህ ምን እንዳገኘህ ንገረኝ።

አባትህ