ይድረስ ለአባየ፤ ስለ ሃይሉክሷ ሞተር

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዓይንዎ ቀዶ ሕክምና በሰላም ማለቁን እትዬ በስልክ ስትነግረን ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። እኛ አላህ ይመስገን ደኅና ነን። ሐኪሙ እስኪፈቅድልዎ ድረስ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ይህን ደብዳቤ የእትዬ ልጅ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ፣ ቁጥር ያለበት ቦታ ላይም ቆም ብላ እንድትደግምልዎ አደራ ብያታለሁ። በስልክ የጀመርነውን ነገር በወረቀት ለመጨረስ የፈለግሁት፣ ባለፈው እሑድ ስንነጋገር እርስዎም ተቆጥተው፣ እኔም ደንግጬ፣ በመጨረሻ «ሌላ ሞተር ግዙና ግጠሙባት» ብለው ስለዘጉት ነው። ትእዛዝዎን መናቄ አይደለም፤ ሞተሩ ወርዶ ከተፈታና ከተለካ በኋላ የታየው ነገር ግን እሑድ ዕለት ሁለታችንም ከገመትነው የተለየ ሆኖ ስለተገኘ፣ ውሳኔዎን አንድ ጊዜ እንደገና እንዲያዩልኝ ለመለመን እጽፋለሁ።

አስቀድሜ የሆነውን እንደሆነው ልናገር፤ በስልክ የነገርኩዎት ጎዶሎ ነበርና። «ሐረጎ ዳገት ላይ ውሃ አፈላች» ብቻ ነበር ያልኩት። ያን ቀን ከኮምቦልቻ 24 ከረጢት ሲሚንቶና ለሱቁ የሚሆን ቆርቆሮ ጭኜ ነበር፤ ሲሚንቶው ብቻውን 12 ኩንታል ይሆናል፤ መኪናዋ በአቅሟ የምትሸከመው ደግሞ አሥር ኩንታል ገደማ መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በዚያ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ እንደሚወጣ ያውቃሉ። እርስዎ ጭነት ሲኖርብዎት ዳገቱ መካከል ላይ ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ ሞተሩንም ሳያጠፉ ያሳርፏታል። እኔ ግን የጭነት መኪኖች ከኋላዬ ተደርድረው ስለነበርና መታጠፊያው ለመቆም ስላልተመቸኝ፣ የሙቀት መርፌው ቀዩን ሲነካ እያየሁ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብዬ ቀጠልኩ። ነጭ ጭስ ማውጣት ስትጀምርም አልቆምኩም። የቆምኩት ከሥር የመዶሻ ዓይነት ድምፅ ስሰማ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቆምኩት እኔ ሳልሆን እርሷ ናት። ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

የጥፋቱ ሥር ግን ጭነቱ ብቻ አይደለም። ከሁለት ወር በፊት የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ አልቆ ውሃ ሲያንጠባጥብ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ክዳን አግኝቼ ገጥሜባት ነበር። ጥርሱ ገብቶ ሲዞር የያዘ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ግፊት አይይዝም ኖሯል። ዋናው መካኒክ ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ነገረኝ። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው በ80ዎቹ ውስጥ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአሥር ዲግሪ ብዙ አያልፍም ማለት ነው። ክዳኑ በደንብ ሲያፍን በውስጡ ግፊት ስለሚፈጠር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም፤ ክዳኑ ሲያስተነፍስ ግን ያ ሁሉ መጠባበቂያ ይጠፋል። (እማየ ባቄላ ስትቀቅል ኮምቦልቻ ካለችው አክስቴ የበለጠ ከሰል ለምን እንደምትፈጅ የገባኝም ያን ጊዜ ነው።) በዚህ ላይ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ከቦታው የለም። ከዓመታት በፊት «ሙቀት ይቀንሳል» ተብሎ የወጣ ሳይሆን አይቀርም፤ መካኒኩ እንደሚለው በደሴ ብርድ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ ሳይሞቅ እየሠራ ያረጃል እንጂ ከመፍላት አይድንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ቴስታታውን ከሞተሩ ገላ ጋር የሚያሽገው) ተቃጥሎ ተገኘ። ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ፣ በሁለቱ ቫልቮች መቀመጫ መካከል ተሰንጥቋል። ውሃው ወደ ዘይቱ ገብቶ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሏል፤ ሲፈስም በሥሩ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ነበረው፤ ይህም የሞተሩ ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) የሚዞርባቸው ብሮንዚናዎች መበላታቸውን የሚያሳይ ነው። የሰማሁት የመዶሻ ድምፅ እርሱ ነው። ስለዚህ «ቴስታታውን ብቻ አሠርተን እንገጥማለን» የሚለው፣ ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን በርካሽነቱ የወደደው ሐሳብ፣ ከዚያው ቀርቷል። ላይኛው ታድሶ ታችኛው እንደተበላ ቢቀር፣ የታደሰው የሚያመጣው ጉልበት የተበላውን ፈጥኖ ይጨርሰዋል እንጂ አያድነውም።

የተለካውን እንዲህ ነው ያገኘነው። የእኛ ሞተር ባለ 2.8 ሊትሩ የቶዮታ 3ኤል ነው፤ የሲሊንደሩም ስፋት ከፋብሪካ ሲወጣ 96 ሚሊሜትር ነው። ብረት የሚልጠውና የሚሞርደው ቶርኖ ቤት አራቱንም ሲሊንደሮች ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በርዝመትም በወርድም ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። (ልኩን በቃል ሊነግረኝ ሲጀምር ወደ ወንድሜ ዞሮ ነበር የሚናገረው፤ ወረቀቱን እኔ ስጠይቀው ግን ወደ እኔ ዞረ።) ሦስተኛው ሲሊንደር ተጭሯል፤ የቀሩት ያረጁ ቢሆኑም አልተጎዱም። አራቱም በ0.50 ሚሊሜትር ቢሰፉ ጭረቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ በዚያው ልክ የተሠራ ፒስቶንና የፒስቶን ቀለበትም (ፋሻ) በገበያ አለ። ክራንክ ሻፍቱ አልተሰነጠቀም፣ አልተጣመመምም፤ በ0.25 ተሞርዶ በዚያ ልክ የሚመጣ ብሮንዚና ይገባለታል። የሞተሩ ገላም በግፊት ተፈትኖ ውሃ አላሳለፈም። እሑድ ዕለት ያላወቅነው ይህን ነው፤ እርስዎም እኔም የሞተሩ አካል የሞተ መስሎን ነበር።

ለምን ማስጠገንን እንደሚፈሩ ይገባኛል። በ2003 ዓ.ም. አንድ ቶርኖ ቤት የዚህችኑ መኪና ቴስታታ «አስተካከልኩት» ብሎ ከሰጠዎት በኋላ፣ ገና ዓመት ሳይሞላት ጓርኒሲዮኑ እንደገና ተቃጥሎ ወረኢሉ መንገድ ላይ ከነእህሉ ማደርዎን አልረሳሁትም። አሁን ሲታይ ያ ቴስታታ ከሚገባው በላይ ተልጧል። የተሰነጠቀውን በብየዳ እንመልሰው የሚሉም አሉ፤ የዚህ ሞተር ቴስታታ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ቀድሞ በእኩል ካልሞቀና ከተበየደም በኋላ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከጎኑ ይሰነጠቃል። እኔም መካኒኩም የተስማማነው አሮጌው ቴስታታ እንዲጣልና አዲስ እንዲገዛ ነው። ስለዚህ አሁን የምለምንዎት ያኔ የተሠራውን ዓይነት ጥገና አይደለም።

የእርስዎን ሐሳብ፣ ያገለገለ ሞተር መግዛቱን፣ በችኮላ አልተውኩትም። የአጎቴ ልጅ ለሁለት ቀን መርካቶ ሶማሌ ተራ ዞሮ ሁለት 3ኤልና አንድ 5ኤል አይቷል። 5ኤሉ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ሆኖ ከአንድ ዘር ስለሆነ ያለ ብዙ ችግር በእኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ እውነቱን ልናገርና እኔንም ለአንድ ሌሊት አጓጉቶኝ ነበር። ነገር ግን ሦስቱም መሬት ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ተነሥተው ሲሠሩ ማየት፣ ኮምፕሬሽናቸውን መለካት፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ማወቅ አልተቻለም። ሻጩ የሚሰጠው ዋስትና ደግሞ ሞተሩ መነሣቱን ብቻ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ሐረጎን መውጣቱን አይደለም። ቢገዛም ቴስታታው ተከፍቶ መታየት፣ የጊዜ ቺንጋውም (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደው ቀበቶ) መለወጥ አለበት፤ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉና። የናፍታ ፖምፓው ደግሞ ለቆላ አገር የተስተካከለ ከሆነ፣ የደሴ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ናፍታው በዝቶባት በጥቁር ጭስ ዳገቱን ትወጣለች፤ ያም ራሱ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ ወጪ ሲደመር በሞተሩና በእድሳቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በእሑዱ ንግግራችን የገመትነውን ያህል አልሆነም፤ እንዲያውም እድሳቱ ያንሳል። ዝርዝሩን በሌላ ወረቀት አያይዤልዎታለሁ።

ሊብሬውም አለ። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ስለሰፈረ፣ ሌላ ሞተር ሲገባ ለመንገድ ትራንስፖርት ቀርቦ ማስመዝገብ፣ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የመጣበትንም ሰነድ ማቅረብ ያስፈልጋል። ሰነዱን «ይመጣል» የሚል ሻጭ እንጂ በእጁ የያዘ ሻጭ የአጎቴ ልጅ አላገኘም። ሰነድ የሌለው ሞተር ገጥመን የዓመቱ ቦሎ ሲደርስ ከምንንከራተት፣ የራሷን ቁጥር ይዛ ብትቀር ይሻላል።

ወንድሜ ያነሣውን የዲ4ዲ፣ በኮምፒውተር የሚሠራውን የቶዮታ ናፍታ ሞተር፣ ነገር በአጭሩ ልለፈው። ጉልበቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩንና ሽቦውን ይዞ የሚመጣ ሞተር ነው፤ ኢንጀክተሮቹም ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍታ አይወዱም፤ ናፍታ በበርሜል በሚሸጥበት የገጠር መንገድ ለምንሠራ ሰዎች አይሆንም።

መሸጡንም አስቤበታለሁ። እንዳለች የሚገዛት ሰው መጥቶ አይቷታል፤ የጠራው ዋጋ ካቢኗንና ካምቢዮዋን እንጂ መኪናዋን የሚገዛ አይደለም። በዚያ ገንዘብ ደግሞ ሌላ አይገኝም። ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚከፈለው ኤክሳይስ ታክስ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከፍ ካለ፣ የምንዛሪውም ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ከተወሰነ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ፒክ አፕ ዋጋው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየሁም። እርስዎ በ1989 ዓ.ም. ሲገዟት ከነበራት ነገር ሻንሲዋ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው፤ ባሌስትራዋም ባለፈው ዓመት ታድሷል፤ ካምቢዮዋም አያንቋርርም። የታመመው ሞተሯ ብቻ ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ በአዲስ ቴስታታ፣ በ0.50 ፒስቶንና ፋሻ፣ በአዲስ ብሮንዚና፣ በአዲስ የጊዜ ቺንጋና የውሃ ፓምፕ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ማሳደስ ነው። ቴርሞስታቱም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ራዲያተሩም ተፈትቶ ውስጡ ይጸዳል። አንድ የሚያሠጋኝ ነገር አለ፤ እርሱንም አልደብቅዎትም። ሥራው ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ይወስዳል፤ ያገለገለው ሞተር ግን በአራት ቀን ይገጠም ነበር። በእነዚህ ሳምንታት የሱቁን ዕቃ በኪራይ መኪና ማመላለስ አለብን፤ የኪራዩንም ሒሳብ በተያያዘው ወረቀት ላይ ጨምሬዋለሁ። ከዚያም በኋላ ለመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ጭነት መነዳት አለባት፤ ሐረጎንም በዚያ ጊዜ ባዶዋን ብቻ ትወጣለች። ወጪውን ግማሹን እኔ ከሱቁ ድርሻዬ እከፍላለሁ፤ ይህን ለይቅርታ ያህል ሳይሆን የሚገባኝ ስለሆነ ነው፤ እባክዎ አይከልክሉኝ።

ሲሊንደሮቹን ከማስፋታችን በፊት ፈቃድዎን እፈልጋለሁ፤ ብረት አንዴ ከተላጠ አይመለስምና። ቶርኖ ቤቱ እስከ ሐሙስ እንደሚጠብቀኝ ቃል ገብቶልኛል። ከተስማሙ በእትዬ ስልክ «አሠሩት» ብቻ ይበሉኝ፤ ካልተስማሙም ያገለገለውን እንዳስገዛ ያንኑ ይበሉኝ፤ የሁለቱንም መንገድ ወረቀት አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ።

የትኛውም ቢሆን አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የአጎቴ ልጅ ወደ ሶማሌ ተራ ሲመለስ ለ3ኤል የሚሆን ኦሪጅናል የራዲያተር ክዳን ይግዛልን፤ በላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ይሁን፤ የታችኛውንም ላስቲክ በጣቱ ጫን ብሎ ይይልኝ። ሁለት ይግዛ፤ አንዱ በመኪናዋ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል።

ዱዓዎ አይለየን።

አክባሪ ልጅዎ