ማስታወቂያችሁን ለመረዳት ለምን እንክፈል?

በጎንደር ከተማ ለሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች
ጉዳዩ፦ ለሕዝብ የሚጻፈው ሁሉ በሚገባን አማርኛ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ከመሥሪያ ቤቶቻችሁ በር አለፍ ብሎ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጻፊዎች ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ዛሬ ሥራቸው መጻፍ ብቻ አይደለም፤ እናንተ የጻፋችሁትን ማስረዳትም ሆኗል። በቅርቡ ከአዘዞ የመጡ እናት ደብዳቤያቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?» ሲሉ ሰማሁ። ደብዳቤው «አግባብነት ያላቸው ማስረጃዎች ተሟልተው ባለመቅረባቸው ጉዳዩ በመመሪያው መሠረት የማይስተናገድ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። የትኛው ማስረጃ? መታወቂያ? ካርታ? የግብር ደረሰኝ? እሱን አላለም። ጻፊው ገምቶ ነገራቸው፤ ለግምቱም ከፈሉ።

ደብዳቤውን የጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የቀድሞውን ደብዳቤ ከፍቶ፣ ስምና ቁጥር ቀይሮ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጠ። አንዳንዱ ደግሞ የመመሪያውን ቃል እንዳለ ካልደገመ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቅ ይመስለዋል። የአንቀጹ ቁጥር ከግርጌ ይቀመጥ፣ ማን ከለከለ? ከላይ ግን «የዘንድሮን የግብር ደረሰኝ እስከ ጥር 30 ይዘው መስኮት 4 ይምጡ፤ ካላመጡ ፋይልዎ ይዘጋል» ቢባል ምን ይጎድላል? የዕድር ጥሩምባ ነፊ እንኳ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ያልፋል፤ አልገባኝም ብሎ ከቀብር የቀረ ሰው አላውቅም።

በየበሩ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተርም፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ ስለ አገልግሎቱ ለተገልጋዩ ቃል የገባበት ሰሌዳ፣ ያው ነው። ስታንዳርድ በጊዜ፣ በመጠን፣ በጥራት እየተባለ በሰንጠረዥ ተከፋፍሏል፤ ከተገልጋዩ የሚጠበቀው ጋ ሲደረስ «አስፈላጊ ሰነዶች» ተብሎ ይታለፋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ወረቀቱ እጃችን ገብቶ ነገሩ ካልገባን ምኑን አገኘነው?

የምጠይቀው በጀት አይፈልግም። ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ለጥበቃው ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ ይነበብላቸውና ምን እንደሚል በራሳቸው አፍ ይንገሯችሁ፤ ካቃታቸው ጽሑፉ ተመልሶ ይጻፍ። ማመልከቻ ውድቅ ሲደረግ የጎደለው ሰነድ በስሙ ይጠራ። ማንበብ ለማይችሉትም ስልክ ቁጥር ይጨመርበት፤ የሚነሳ ስልክ ከሆነ ማለቴ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የከተማው ነዋሪ፣ ጎንደር
ግልባጭ፦ ለየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል