እማ፣ የንፋሱን ነገር በደንብ ልንገርሽ

ኬፕታውን፣ ታኅሣሥ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? አባስ ሳሉ ለቀቀው? ደሴ ያለችው አክስቴስ የጦሳን ብርድ እንዴት ቻለችው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይሄን እታለም ታነብልሻለች፣ እታለም እባክሽን ሳትዘይ አንብቢላት፣ የሚያስፈራውንም ቦታ ጭምር።

የላክሽውን ቮይስ ሰማሁት። የጎረቤት ልጅ ቲክቶክ ላይ ያሳየሽ ሰውዬ እኔው ነኝ። "ልጄን ሰማይ ላይ ተሰቅሎ አየሁት፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም" ስትዪ ሆዴ ተላወሰ። ከዛ ደግሞ "ይሄ ሥራ ነው ጨዋታ?" አልሽ። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ያልኩት ለዚህ ነው፣ ስልክ ላይ ኔትወርኩም ይቆራረጣል አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ነገሩን ጨርሼ ነግሬሽ አላውቅም።

ያየሽው ትልቁ ጨርቅ ካይት ይባላል፣ ስፖርቱ ደግሞ ካይትሰርፊንግ፣ በካይቱ እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተትና መዝለል ነው። አንቺ ዕድሜሽን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ስለሠራሽ ከማንም በላይ ይገባሻል ብዬ ነው ከጨርቁ የምጀምረው። ፖሊስተር ነው፣ ስስ ነው፣ ግን ድርና ማጉ ላይ በየመሀሉ ወፈር ያለ ክር ገብቶበት ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሠራል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ቢቀደድ ቀዳዳው እየሮጠ አይሄድም፣ ወፍራሙ ክር ጋ ሲደርስ ይይዘዋል። የፊቱ ጠርዝ ደግሞ ጠንከር ካለ ጨርቅ የተሰፋ ቱቦ ነው፣ ውስጡ የፕላስቲክ ከረጢት አለው፣ በፓምፕ ሲነፋ ድንጋይ ይሆናል። ለዚያ ነው ውሃ ላይ ቢወድቅም የማይሰምጠው፣ እንደገና ከውሃው ላይ ይነሳል። ይሄን የፈጠሩት ሁለት የፈረንሳይ ወንድማማቾች ናቸው፣ ሌጌኑ ይባላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው ያስመዘገቡት። እኔ በሳምንት ውስጥ ግማሹን ቀን የምውለው እንደዚህ ያለ ካይት ስጠግን ነው። የተቀደደውን አጥባለሁ፣ ጨዉ ካልወጣ ማጣበቂያው አይይዝም፣ አደርቃለሁ፣ ከሁለቱም በኩል እለጥፋለሁ፣ ከዛ ዚግዛግ እሰፋዋለሁ። ስፌት መኪናው ላይ የምቀመጠው አባ ሱቅ በረንዳ ላይ እንዳስተማረኝ ነው። ሰዎቹ ስፌትህ ቀጥ ያለ ነው ይሉኛል፣ ለአባ ንገሪው።

ከካይቱ ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አራት ገመዶች ይወርዳሉ፣ እጄ ላይ ባር ይዣለሁ፣ ወገቤ ላይ ሃርነስ የሚባል ሰፊ ቀበቶ ታጥቄያለሁ፣ የሚጎትተኝ በወገቤ እንጂ በክንዴ አይደለም። እግሬ ስር ቦርድ አለ። ባሩን ወደራሴ ስስብ ካይቱ ጉልበት ያገኛል፣ ስለቀው ይለሰልሳል። ካይቱን በፍጥነት ከራሴ በላይ ስመልሰው እና ባሩን ስስብ ያነሳኛል፣ ያየሽው እሱን ነው። ከኛ ሰፈሩ ፎቅ በላይ መውጣቴ እውነት ነው፣ አልደብቅሽም፣ የዓለም ዋናዎቹ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ግን እማ ካይቱ እኮ ስወርድም ከላዬ ነው ያለው፣ ይዞ ነው የሚያወርደኝ፣ ድንጋይ ወድቆ እንደሚፈጠፈጠው አይደለም። ነገር ከተበላሸ መጀመሪያ ባሩን እለቃለሁ፣ ካልሆነ ደረቴ ስር ያለችውን ቀይ ነገር እገፋታለሁ፣ ካይቱ በአንድ ገመድ ብቻ ቀርቶ እንደ ባንዲራ ይንጠለጠላል፣ ጉልበቱ ያልቃል። እሷም ካልሰራች ጭራሽ የሚለቅ ሌላ አለ። ሄልሜት አለ፣ ደረቴን የሚጠብቅ ሰደርያ አለ። ዋና ደግሞ እዚሁ መጥቼ ተምሬያለሁ፣ ቦርከና ዳር የምታውቂው ልጅሽ አይደለሁም አሁን።

አደጋ የለውም አልልሽም፣ ውሸት ይሆናል። ንፋሱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው፣ ይሄን የናቀ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው። ከባህር ዳር ወደ መሀል የሚነፍስ ንፋስ ላይ አልገባም፣ ብቻዬን አልገባም፣ ደመናው ሲጠቁር እወጣለሁ። ጠዋት ተነስቼ ከሰገድኩ በኋላ ሁለተኛው ሥራዬ ዊንድጉሩ የሚባለውን ማየት ነው፣ ንፋሱ በስንት ሰዓት ስንት እንደሚሆን ይነግራል። ከዛ በመስኮት ከከተማው በላይ ያለውን ተራራ፣ ቴብል ማውንቴንን አያለሁ፣ ደመናው ከላይ ተደፍቶ እንደ ጉም ወደ ታች መፍሰስ ከጀመረ የደቡብ ምስራቁ ንፋስ መጥቷል ማለት ነው፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ይሄ ነው እንጀራችን።

አጎቴ ሱቅ ተመለስ ትይኛለሽ። አጎቴን አላህ ይስጠው፣ እዚህ አገር የተቀበለኝም ያበላኝም እሱ ነው፣ ባለውለታዬ ነው። ግን ሎኬሽን ውስጥ፣ ማለትም እዚህ ድሆቹ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ሱቅ መቆም ምን እንደሆነ ማንም ደፍሮ አልነገረሽም መሰለኝ። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመሽ ዳቦና ኤርታይም ስትሸጪ ትውያለሽ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልብሽ ይመታል፣ ሽጉጥ ይዞ የሚገባው መቼ እንደሚመጣ አታውቂም። ስንት የሀበሻ ልጅ ሬሳ አገር ቤት ሸኘን። ባህሩ አስቀድሞ ይነግረኛል፣ እዚያ ግን የሚነግረኝ አልነበረም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሱቅ የፈራሁበት ቦታ የለም፣ አንቺ ደግሞ እዚያ በነበርኩ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ትተኚ ነበር።

እንዴት እንደገባሁበት ታውቂያለሽ፣ እሁድ እሁድ ብሉበርግ ባህር ዳር ስሄድ ካይት የሚያወርዱ ሰዎች ጭንቅላታቸውን በእጃቸው መታ መታ ሲያደርጉ ያዝልኝ ማለታቸው መሆኑን አየሁና እየሮጥኩ መያዝ ጀመርኩ፣ ከዛ እዚያ ያለው የካይት ሱቅ ሥራ ሰጠኝ፣ ከዛ አስተማሩኝ፣ ከዛ እኔ ማስተማር ጀመርኩ። ይኸው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ እታለም "ፕሮፌሽናል ከሆንክ ለምን ትንሽ ትልካለህ" ብላኛለች፣ ልክ ናት መጠየቋ። በዚህ ስፖርት ከሽልማት የሚኖር ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ያስተምራል ወይ ይጠግናል ወይ ስፖንሰር ይፈልጋል። ስፖንሰር ሲባል ደግሞ ደመወዝ እንዳይመስልሽ፣ ለኔ ካይትና ቦርድ ይሰጡኛል፣ በምትኩ ቪዲዮ እየሠራሁ እለጥፋለሁ፣ ያ ጎረቤት ያሳየሽ ቪዲዮ ለዛ የተቀረጸ ነው። ብሩ የሚመጣው ከትምህርቱ ነው፣ አውሮፓውያኑ ክረምታቸውን ሸሽተው ሲመጡ። እዚህ ክረምት ሲሆን፣ ማለትም ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ፣ ዝናብና የሰሜን ምዕራብ ንፋስ ነው፣ ተማሪ የለም፣ ያኔ የምልከው የሚቀንሰው ለዚህ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም።

ሌሎቹ ያኔ ንፋሱን ተከትለው ይሄዳሉ። ወደ ብራዚል፣ ወደ ስፔኗ ታሪፋ፣ ወደ ምዕራብ ሰሃራዋ ዳክላ። የዓለም ውድድሩም እንደዛው ከአገር አገር እየዞረ ነው የሚደረገው። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ከአገር አያስወጣም። በየጊዜው ወረፋ ይዤ አሳድሰዋለሁ፣ ሌሊት ሄጄ ብርድ ላይ ቆሜ፣ አንዳንዴ ነገ ና ተብዬ እመለሳለሁ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው እማ፣ ሌላው ምንም አይቆጨኝም። አብረውኝ የሚለማመዱ፣ እኔ ካይታቸውን የምሰፋላቸው ልጆች ኤርፖርት ስሸኛቸው፣ መቻሌን እያወቅኩ መቅረቴ ያንገበግበኛል። ለወረቀቱ ዱዓ አድርጊልኝ፣ ለባህሩ ከምታደርጊው በላይ።

የሚያጽናናኝ ሚቱ ሞንቴሮ የሚባል ሰው ነው። የኛው አፍሪካዊ ነው፣ ኬፕ ቨርዴ ውስጥ ሳል የምትባል ደሴት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሞገድ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስልኬ ላይ የሱን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። የእታለም ልጅ ሴትም ትችላለች ወይ ላለችኝ ደግሞ ጂሴላ ፑሊዶ የምትባል ስፔናዊት በ2004 የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 10 ዓመቷ ነበር በሏት፣ አንቺም በቅርቡ 10 ትደፍኛለሽ በሏት።

ታናሼ ኦሊምፒክ ውስጥ አለ ወይ ብሎኛል፣ አለ፣ በፓሪሱ 2024 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው፣ ማርሴይ ላይ ተደረገ። ማክስ ሜደር የሚባል የሲንጋፖር ልጅ በ17 ዓመቱ ነሐስ ወሰደ። ግን ያ ሩጫ ነው፣ ቦርዱ ስር ክንፍ ያለው፣ ከውሃ በላይ ተነስቶ የሚበር። የኔ ቢግ ኤር ነው፣ መዝለል። ደሴ አጠገብ ያለው የኛው ሐይቅ ላይ ይቻላል ወይ ለሚለው ደግሞ አብሽር፣ አስቤበታለሁ። ሐይቅ ከባህር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ በአንድ አይነት ንፋስ እዚህ ከምንጠቀመው ተለቅ ያለ ካይት ይፈልጋል፣ ዙሪያው ተራራ ስለሆነም ንፋሱ እየተሰባበረ ነው የሚደርሰው፣ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ለጀማሪ አይሆንም። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብም መንጫጫት አይገባም። አንድ ቀን አብረን ሄደን እናየዋለን፣ እስከዚያ ግን በላስቲክና በገመድ ምናምን እንዳትሞክር፣ እማ ይሄን ለሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ውድድሩ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽና ልጨርስ። ቀኑ አይቆረጥም፣ ከዚህ ሳምንት እስከዚህ ሳምንት ይባልና ትልቅ ንፋስ እስኪመጣ ሁሉም ይጠብቃል፣ ከዛ ነገ ነው ይባላል። ትልቁ ኪንግ ኦፍ ዘ ኤር ከ2013 ጀምሮ እዚሁ ኬፕታውን ነው የሚደረገው፣ እዚያ ለመግባት ስምሽ መታወቅ አለበት፣ እኔ ገና ነኝ፣ ዳር ቆሜ ካይት እይዝላቸዋለሁ። የኔ ትንንሾቹ ናቸው። ባለፈው ሲዝን ግማሽ ፍጻሜ ደረስኩ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጡሽ፣ ዳኞቹ ከፍታውን፣ ድፍረቱን፣ አወራረዱን ያያሉ። በጣም የሚያስፈራው ካይት ሉፕ ነው፣ አየር ላይ እያለሁ ካይቱን ከፊቴ ዝቅ አድርጌ አዞረዋለሁ፣ ወደ ላይ የነበረው ጉልበት ወደ ጎን ይሆንና እንደ ወንጭፍ ያስፈነጥረኛል፣ ለአፍታ ገመዶቹ ይላላሉ፣ ምንም አይሰማም፣ ንፋሱ ራሱ ዝም ያለ ይመስላል፣ ከዛ ካይቱ ከራሴ በላይ ተመልሶ ሲወጣ ገመዱ ጠቅ ብሎ ይይዘኛል። ያኔ ቢስሚላህ ብዬ ነው የማርፈው። ያን ቀን በደንብ አረፍኩ፣ ሰው አጨበጨበ፣ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ግን ንፋሱ ወረደብኝ፣ ተጋጣሚዬ ከኔ ቀድሞ አንድ ትልቅ ዝላይ ይዞ ስለነበር እሱ አለፈ። ምንም አልከፋኝም፣ ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ ወዲያው ስለሚቀጥለው ነበር የማስበው፣ እንደዚህ የሚያሳስበኝ ሥራ ኖሮኝ አያውቅም እማ፣ ስለዚህ ተው አትበይኝ።

የዘንድሮው ጥሪ በዚህ ወር ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ስልኬ ቀን ላይ ከተዘጋ ውሃ ውስጥ ነኝ ማለት ነው፣ መግሪብ ሳይደርስ እደውላለሁ፣ ከዛ በፊት ለአጎቴ ደውለሽ አታስጨንቂው። ለጣራው ቆርቆሮ የተባለውን በሐዋላ ልኬዋለሁ፣ እስከ ሐሙስ ይደርሳችኋል፣ ሲደርስ እታለም ትጻፍልኝ፣ ከተረፈ ለጉልበትሽ ደሴ ሄደሽ ታዪበት፣ ለሌላ ነገር እንዳታውይው።

ልጅሽ