የእኛን ብራንዶ በእግሩ ላቆማችሁልን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ በድራማችን ተዋናዩን ማርሎን ብራንዶን የሚጫወተውን ወንድማችንን መልሶ ለሰጠን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። የዚያን ዕለት ማታ በመልበሻ ክፍሉ ለሜካፕ የተቀባው ላቴክስ የተባለ ፈሳሽ ጎማ ሳይስማማው ቀርቶ፣ አብጦና ድምፁ ተዘግቶ ሆስፒታል መግባቱን ሁላችሁም ሰምታችኋልና ዝርዝሩን አንደግመውም። አሁን ደህና ነው፤ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ድምፁም ተመልሷል። «ጎድፋዘር» የተሰኘው ፊልም እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው ድራማችንም ቀኑ ተራዝሞ ለመድረክ በቅቶ፣ እናንተም አዳራሹን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ፣ ይኸው ለምስጋና በቃን።

መጀመሪያ የሜካፕ ባለሙያችን። ስሜን እንዳታነሱ ብላ አደራ ስላለችን ስሟን አንጠራም፤ ሥራዋን ግን እንናገራለን።

ማርሎን ብራንዶ ፊልሙ ሲቀረጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ገና 47 ዓመቱ ነበር። ያንን ጎልማሳ አዛውንት ያደረገው ዲክ ስሚዝ የተባለው የሜካፕ ባለሙያ ሲሆን፣ ዋና መሣሪያው ፈሳሽ ላቴክስ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቆዳው በጣት ይወጠራል፣ ላቴክሱ በስፖንጅ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ እንደተወጠረ በፎን ይደርቃል፣ ፓውደር ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ሲለቀቅ ቆዳው ይጨማደዳል። ግንባሩ ለብቻ፣ የዓይኑ ዙሪያ ለብቻ፣ ጉንጩ ለብቻ ነው የሚሠራው፤ ሰፊ ቦታ ባንዴ ከተወጠረ ሽብሽቡ የዕድሜ ሳይሆን የቃጠሎ ጠባሳ ይመስላል። እኛም በዚሁ መንገድ ነበር የተዘጋጀነው። የወንድማችን ሰውነት ላቴክስ እንደማይቀበል እሱም ራሱ አያውቅም ነበር።

ያን ምሽት ጠርሙሱን ይዛ ሆስፒታል የደረሰችው እሷ ናት። ሌሎቻችን እየጮህን ስንሯሯጥ፣ ሐኪሞቹ የሚጠይቁት ምን እንደተቀባ መሆኑን የተረዳችው እሷ ብቻ ነበረች። ሙዝ፣ አቮካዶና ኪዊ ሲበላ አፉን ያሳክከው እንደሆነ ሲጠይቁት ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ለካ ላቴክስ የማይስማማው ሰው ብዙ ጊዜ እነዚህም አይስማሙትም።

ከዚያ ወዲያ ያደረገችውን በምን ቃል እንግለጸው? ዕቃ ያለበትን ሳጥን ሁሉ ገልብጣ እያንዳንዱን መለያ አነበበች። ችግሩ ጠርሙሱ ብቻ አልነበረም። ሦስት ማዕዘኑ የሜካፕ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ከላቴክስ ይሠራል። የሽፋሽፍት ማጣበቂያው አለበት። ጓንቱም፣ የዊጉ ቆብ ላስቲክም አለበት። ላቴክስ በሌለባቸው ሰው ሠራሽ ነገሮች ቀየረቻቸው፤ ጓንቱን በናይትራይል፣ ስፖንጁን በፖሊዩሬታን፣ የጢሙን ማጣበቂያ በአክሪሊክ ተካችው። ያም ሆኖ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ምንም ነገር ፊቱ ላይ አላሳረፈችም፤ ሲፈቀድላትም መጀመሪያ በክንዱ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብታ 24 ሰዓት ጠበቀች። የሌሎቹን ተዋንያን ዕቃ ሳይቀር ቀየረችው፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚበነው የጓንት ዱቄት ብቻውን ሊጎዳው ይችላልና።

እርጅናውስ? በቀለም ብቻ ሠራችው። ግንባሩን እንዲያኮማትር፣ እንዲስቅ፣ እንዲቆጣ እያዘዘች የራሱ ፊት የሚታጠፍባቸውን መስመሮች ምልክት አደረገችባቸው፤ ሽብሽቡን ካልነበረበት ቦታ አላመጣችውም። ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ቀለም ይገባል፦ በስርጉዱ ውስጥ ጠቆር ያለው፣ በጠርዙ ላይ ደመቅ ያለው። ደማቁ ከተዘለለ መስመሩ ሽብሽብ መሆኑ ይቀርና እድፍ ይሆናል። የመስመሩ አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ይቆያል፣ ሌላው ብቻ በብሩሽ ይደበዝዛል። ብዙ መመሪያዎች ለጥላ ግራጫ ያዛሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግራጫ ሲቀባ አመድ ይመስላል። እሷ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ፣ ለጠርዙም ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም ነው የተጠቀመችው። ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡ አባቶች «ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው መጠየቃቸውን ነግረናታል። አለቀሰች። እኛም አለቀስን።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ልጆችሽ የልብሽን ያድርሱልሽ።

የመብራት ባለሙያችንን ከእሷ ለይተን ማመስገን አንችልም፤ ሥራቸው ተያይዟልና። የፊልሙ ካሜራ ባለሙያ ጎርደን ዊሊስ ዋናውን መብራት ከአናት በላይ የሰቀለው በአንድ በኩል የብራንዶ ሜካፕ ስለጠየቀው ነበር፤ ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ ዓይኖቹ ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ ፊቱም ይከብዳል። እኛም ከጠረጴዛው በላይ እንዲሁ ሰቅለን ነበር። ነገር ግን በቀለም የተሠራ ጥላ ላይ የመብራት ጥላ ሲደረብ ፊቱ የራስ ቅል መሰለ። የመብራት ባለሙያችን የላይኛውን መብራት ቀነሰ፣ ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ የሚገባ ደብዛዛ ብርሃን ጨመረ፣ እሷም ከዓይኑ ሥር ያለውን ጠቆር ያለ ቀለም አሳሳችው። አንዳቸው «ያንተ ጥፋት ነው፣ ያንቺ ጥፋት ነው» ሳይባባሉ ሌሊቱን እንዲያ ሲሠሩ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

የጥርስ ሐኪማችን፣ ዶክተር፣ እርስዎንም ከልብ እናመሰግናለን። ብራንዶ በቤቱ በተደረገው የካሜራ ሙከራ ጉንጩን በጥጥ ወይም በሶፍት እንደሞላ በሰፊው ይነገራል፤ ጸጉሩንም የጫማ ቀለም ቀብቶ ወደ ኋላ ለጥጦት ነበር። ለቀረጻው ግን ጥጥ አይሆንም፤ ምራቁን መጦ አፉን ያደርቃል፣ ሊዋጥም ይችላል። ስለዚህ በታችኛው ጥርስ ላይ የሚገጠም፣ በግራና በቀኝ ጉንጩን የሚነፋ ነገር በጥርስ ሐኪም ተሠራለት፤ ዛሬም ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ባለው የተንቀሳቃሽ ምስል ሙዚየም ይታያል። ዶክተራችን የወንድማችንን ጥርስ ልክ ወስደው ከሰው ሠራሽ ድድ በሚሠራበት ሮዝ አክሪሊክ ሠሩልን። ሁለቱን ጎን በብረት ያገናኙት አንዱ ቢላቀቅ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ ነው። የመጀመሪያው ሲገጠም «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ» አልወጣ አሉ፤ እነዚህ ድምፆች አየር በአፍ ውስጥ ታምቆ ካልፈነዳ አይሰሙም፣ ጉንጩ ሲነፋ ደግሞ አየሩ በጎን ያመልጣል። የኋላውን ጫፍ ሞርደው፣ ውፍረቱን ከጥርሱ ወደ ድዱ ዝቅ አድርገው መለሱልን። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።

በነገራችን ላይ ታዳሚዎች በጣም የወደዳችሁት ቦታ የመጣው ከዚሁ ዕቃ ነው። ወንድማችን ሁለት ሰው ነው የሚጫወተው፦ ካሜራ ሲጠፋ ብራንዶን፣ ካሜራ ሲበራ ብራንዶ የሚጫወተውን አዛውንቱን የማፊያ አለቃ ዶን ቪቶ ኮርሊዮኔን። ዶክተሩ ቶሎ የሚወልቅ አድርገው ስለሠሩት፣ አዘጋጃችን «ፊት ለፊታቸው ይግጠመው» አለ። መሐረቡን ያወጣል፣ የጉንጩን ዕቃ ከአፉ ያስገባል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ትከሻው ይከተላል። ሻካራውን ድምፅም ጉሮሮውን አንቆ አይደለም ያመጣው፤ ያ በአንድ ሳምንት ድምፅ ይዘጋል። ትንፋሹን አብዝቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊደሎቹን አጥርቶ ነው የተናገረው። ከሆስፒታል በወጣ ሰው ጉሮሮ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የገባችሁ እናንተ በጭብጨባችሁ መልሳችሁለታል።

በፊልሙ የዶኑን ልጅ የሠራውን አል ፓቺኖን የተጫወትከው ወንድማችን፣ ጮኸህ ስላልተጫወትክ እናመሰግንሃለን። ፓቺኖን መሰልኩ የሚል ሁሉ የሚይዘው የኋለኛውን፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚጮኸውን ሰው ነው። በ1971 የነበረው ግን 31ኛ ዓመቱን የያዘ፣ ብዙም ያልታወቀ፣ ስቱዲዮው ቁመቱን ሳይቀር የነቀፈበት፣ ነገ ያባርሩኛል እያለ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አንተ ያመጣኸው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ስለዚሁ ፊልም አሠራር በሚናገር ባለ 10 ክፍል ተከታታይ ድራማ ላይ ፓቺኖን የተጫወተው አንቶኒ ኢፖሊቶም በዚሁ በዝምታው መንገድ ነው የሄደው፤ ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለናል።

ሌኒ ሞንታናን ለተጫወተው ደግሞ፦ ትግለኛ የነበረው ያ ግዙፍ ሰው በብራንዶ ፊት ቃሉ ጠፍቶት ሲንተባተብ፣ የፊልሙ ዳይሬክተር ኮፖላ መንተባተቡን ለፊልሙ ተጠቅሞበታል። ቃሉን በልቡ የያዘ ተዋናይ የጠፋበትን ሰው ሲጫወት ብዙ ጊዜ ያበዛዋል። አንተ አንድ ቃል ላይ ብቻ ቆመህ፣ ተመልሰህ ከመጀመሪያው ጀመርክ። በቂ ነበር።

የፊልሙን ተዋናይት ዳያን ኪተንን ለተጫወተችው እህታችንና ጸጉሯን ለሠሩላት እህቶች፤ ሹሩባው እንደዚያ ስስ ሆኖ ከራስ ቅሏ ጋር ባይለጠፍ ኖሮ ዊጉ ከግንባሯ ላይ ይነሳ ነበር።

ካርዶቹን የጻፍሽልን ታዳጊ ልጃችን! ብራንዶ ቃሉን በልብ አይዝም ነበር፤ ካርድ በየቦታው ይለጠፍለት ነበር፣ አብሮት የተወነው ሮበርት ዱቫል ካርዱን ደረቱ ላይ ይዞ የሚታይበት ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። በመድረካችን ላይ ዱቫል ደረት ላይ የነበረው ካርድ ለታይታ ብቻ አልነበረም፤ ከሕመም ለተነሳው ወንድማችን በእርግጥም ቃለ ተውኔቱ ተጽፎበት ነበር። አንቺ በወፍራም ማርከር፣ አንዱን ፊደል አምስት ሳንቲ ሜትር አድርገሽ፣ በመስመር ከአራት ቃል ሳታስበልጪ ጻፍሽው። የእኛ ፊደል ከሩቅ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠፋው ቅጥያው ነውና «ሩ» እና «ሪ» እንዳይምታቱ እግራቸውን ረዘም ማድረግሽ አስተዋይነት ነው። ሁለት ቦታ ላይ አድኖታል።

እማማ፣ ድመትዎን ስላዋሱን እግዚአብሔር ያክብርልን። በፊልሙ ያለችው ድመት በስክሪፕቱ አልነበረችም፤ በስቱዲዮው ስትዞር የተገኘች ናት፣ ማንኮራፋቷም ድምፅ ቀራጮቹን አስቸግሮ ነበር። የድምፅ ባለሙያችን ይህን አውቆ ማይክሮፎኑን ከደረቱ አንስቶ ከዊጉ ሥር፣ ከግንባሩ ጫፍ ላይ ደበቀው። ድመቷን ከዋዜማው ጀምሮ አዳራሹን እንድትለምድ ያመጡልን፣ ሽቶ እንዳንቀባ ያስጠነቀቁን እርስዎ ነዎት።

የእድር አባላት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ወገኖቻችን፣ ምግብ ያመጣችሁ፣ ያመላለሳችሁ፣ የእ.ኤ.አ. 1940ዎቹን ኮትና ባርኔጣ ከየቤታችሁ ያወጣችሁ፣ ትኬታችሁን ሳትመልሱ ቀን የጠበቃችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። የመድረክ ሠራተኞቻችንም እንዲሁ። የአምቡላንስ ሠራተኞችና ነርሶች አማርኛ ባታነቡም ልጆቻችን ይተርጉሙላችሁ።

ስማችሁ ወይም ሥራችሁ ሳይነሳ የቀረባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልን። አሁን እንኳ ይህን ስንጽፍ ጄነሬተሩን ያመጣው ሰው ትዝ አለን፤ ወንድማችን፣ አንተም ተባረክ። ኮትና ባርኔጣ ያዋሳችሁን ዕቃው ታጥቦና ተተኩሶ ስማችሁ ተለጥፎበታል፤ ስንደውልላችሁ መጥታችሁ ውሰዱ።

ድራማው በድጋሚ እንዲታይ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን እየተዘጋጀን ነው። በዚያን ቀን አንድ ነገር እንለምናችኋለን፦ ለልጆችም ሆነ ለተዋንያኑ ደስታ ብላችሁ ፊኛ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ተራ ፊኛ ከላቴክስ የሚሠራ ነው። አበባ ይበቃናል።

የድራማው ቡድን አባላት በሙሉ