የውሃ ሽታ የሆነው ከሰላችን፦ ለቢት ሻጩ ድርጅት የተጻፈ ቅሬታ

ሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለቁፋሮ ዕቃዎች አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት
ሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «የከሰል ቢት» ተብለው ስለተሸጡልን ሦስት የኮር (የድንጋይ ናሙና ማውጫ) ቢቶችና ሁለት ባለ ክንፍ ቢቶች (የቁፋሮ መቁረጫ ጫፎች) ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ከመጻፌ በፊት አራት ጊዜ ደውያለሁ። ሁለቴ «መልሰን እንደውላለን» ተባልኩ። አንዴ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ። በአራተኛው ያነሳው ልጅ ትሑት ነበር፤ ግን «ቢቱ ምንም ችግር የለበትም፤ ምናልባት ቆፋሪዎ ልምድ አንሶት ይሆናል» አለኝ። ቆፋሪው እኔ ነኝ። 19 ዓመት ጉድጓድ ስቆፍር ኖሬያለሁ። በስልክ አልሆነምና እስቲ በወረቀት እንነጋገር።

ያደግኩበት ሥራ የውሃ ጉድጓድ ነው። መራዊ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ በጣና ዙሪያ ያልቆፈርኩበት ቀበሌ ጥቂት ነው። የእኛ አካባቢ ድንጋይ ጥቁርና ደረቅ ነው። በአየር የሚሠራ መዶሻ እናወርድበታለን፤ ይፈጨዋል፤ አቧራው ይወጣል፤ አለቀ። ከጉድጓዱ ስለወጣው ነገር የሚጠይቅ የለም። ሰው የሚፈልገው ቀዳዳውንና ውሃውን ነው።

ባለፈው መጋቢት ግን አንድ ባለሀብት የከሰል ፍለጋ ሥራ ሰጠኝ። ቦታው ጭልጋ ነው፤ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ከአይከል ብዙ ሳይርቅ። ጭልጋ ከሰል እንዳለው ማንም ያውቃል። በወንዝ ዳር ገደሉ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ከሰሉ ለጋ ነው። ከሸክላ አፈር፣ ከአሸዋ ድንጋይና ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተነባብሮ ነው ያለው። (በዚያው ንብርብር ውስጥ ተመራማሪዎች 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የጥንት ዝሆኖች ቅሪት አግኝተዋል። እኛ በእናንተ ቢት ያገኘነው ጭቃ ነው።)

ይህን ሁሉ ሱቃችሁ ድረስ መጥቼ ተናግሬያለሁ። «ለስላሳ ከሰል ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ሸክላ አለ፤ ናሙናው ሙሉ ሆኖ መውጣት አለበት» ብያለሁ። የሽያጭ ሠራተኛችሁም ፕሮፎርማው ላይ «የከሰል ቢት» ብሎ ጻፈ። ሦስት የኮር ቢት እያንዳንዱን በ26,000 ብር፣ ሁለት ባለ ሦስት ክንፍ ቢት እያንዳንዱን በ9,500 ብር፣ ድምሩ 97,000 ብር ከፈልኩ። ደረሰኙ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ገና በማለዳ፣ 41 ሜትር ተኩል ላይ ከሰሉ ጀመረ። መጀመሩን ያወቅነው በውሃው ነው። ከጉድጓዱ የሚመለሰው ውሃ በአንዴ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። ደስ አለን። አንድ ሜትር ተኩል ቆፈርንና የውስጠኛውን ቱቦ በገመድ ሳብነው። ረዳቴ ቱቦውን አዘንብሎ በእንጨት መታ መታ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው።»

ሙሉ በሙሉ እንኳ ባዶ አልነበረም። 22 ሳንቲ ሜትር ግራጫ ሸክላ ወጣ። ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ከሰል ተጣብቃለች። የቀረው የውሃ ሽታ ሆነ። ጥቁር ሆኖ በቦዩ ሲፈስ ዓይናችን እያየ። የመሬቱ ባለቤት አባት ከወንዙ ዳር በእጃቸው የነቀሉትን ድብልብል ከሰል በነጠላቸው ቋጥረው መጡ። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ጩኸት ይህን ለማግኘት ነው?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

አሁን ወደ ቢቱ ልምጣ። ለቀባሪ ማርዳት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለአሠሪዬም ስለሚደርስ ከሥሩ ላብራራ።

ከሦስቱ አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቀለበት ነው። የውጭ ስፋቱ 96 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የመሀሉ ክፍት 63.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን እየቆረጠ ሲወርድ መሀሉ ላይ እንደ ዱላ የሚቀረው ኮር ነው፤ እኛም ደመወዝ የምናገኘው በእሱ ነው። ፊቱ ላይ ቦዮች ተቀድደዋል። ውሃው በውስጠኛውና በውጭኛው ቱቦ መሀል ወርዶ ቢቱ ጋ ሲደርስ ሌላ መውጫ የለውም። በውስጥ በኩል ኮሩን ታክኮ ይወርድና በቦዮቹ ወደ ውጭ ይፈሳል። ባዛልት ሲሆን ችግር የለውም። ባዛልት ቢታጠብ ይጠራል እንጂ አያልቅም። ለጋ ከሰል ግን በግፊት የሚመጣ ውሃ ሲያገኘው ይሸራረፋል፣ ይቦካል፣ ይሄዳል። ገንዘቤን ውሃ በላው ሲባል እሰማ ነበር። ከሰልን ውሃ ሲበላው ያየሁት ግን በእናንተ ቢት ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚሠራው ቢት ሌላ ነው። በግድግዳው ውስጥ ቁልቁል የሚወርዱ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነሱ አልፎ ፊቱ ላይ ይወጣል፤ ኮሩን አይነካም። የውስጠኛው ቱቦ አፍም እስከ ቢቱ ከንፈር ድረስ ይጠጋል። በቱቦው ውስጥ ደግሞ ቁመቱን ለሁለት የተሰነጠቀ ሦስተኛ ስስ ቱቦ ይገባል። ኮሩ ሲወጣ መደብደብ የለም፤ እንደ እሸት ባቄላ መፈልቀቅ ነው። ይህን ቱቦ ጠይቄ ነበር። «አያስፈልግዎትም» ተባልኩ።

ጥርሱም ሌላ ጣጣ ነው። የሸጣችሁልን ቢት አልማዙ ከብረት ዱቄት ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ነው። አልማዙ ከፊቱ ብቅ የሚለው ከሚሊ ሜትር በታች ነው። ብረቱ በድንጋዩ እየተበላ ሲሄድ አሮጌው አልማዝ ይወድቃል፤ አዲሱ ይወጣል። ባጭሩ ወፍጮ ነው። ጥሩ ወፍጮ ነው፤ አላማሁትም። ግን ወፍጮ እህል ይፈልጋል። ሸክላ ሲገጥመው የሚፈጨው ነገር ስለሌለ ፊቱ በጭቃ ይለሰናል፤ ከዚያ መሽከርከር እንጂ መቁረጥ የለም። ከሰልና ሸክላ የሚፈልጉት ማረሻ ነው። ወጣ ያለ፣ ሰፊ፣ የሚገምጥ ጥርስ። ወይ የካርባይድ (ከብረት የሚጠነክር መቁረጫ) ጥርስ፣ ወይ ፒዲሲ የምንለው፣ በካርባይድ ላይ ሰው ሠራሽ የአልማዝ ንጣፍ ያለው። ፒዲሲ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ትናንት የመጣ ነገር ነው እንዳልል ከእኔ ጋር እኩያ ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ስህተት ላልፈው እችል ነበር። ሰው ይሳሳታል። ያበሳጨኝ ተለጣፊው ነው።

ቢቶቹ አንገት ላይ «ለከሰል» የሚል ነጭ ተለጣፊ ነበረባቸው። ከጭልጋ ስንመለስ አንዱን በናፍጣ ሳጥብ ጫፉ ተነሳ። በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ በማሽን የተመታ ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር በአምራቹ ካታሎግ ስፈልገው ለጠንካራ ድንጋይ የተሠራ፣ ብረቱ ለስላሳ የሆነ ቢት ነው ይላል። ለጠንካራ ድንጋይ ብረቱን የሚያለሰልሱት ቶሎ እየተበላ አልማዙን እንዲያወጣ ነው። የጭልጋ የአሸዋ ድንጋይ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ለስላሳውን ብረት ለእሱ መስጠት ማር ለንብ መልሶ እንደ መስጠት ነው። አንዱ ቢት 31 ሜትር ሳይሞላ አለቀ። ተለጣፊውን ያተመው አምራቹ አይደለም። ጽሑፉ አማርኛ ነው።

ታንኳ ጥሩ ነገር ናት። ከዘጌ እንጨት ጭና ባሕር ዳር ትገባለች። «ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ» የሚል ተለጣፊ ለጥፎ የሚሸጣት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በስልክ የሰጣችሁኝን ምክር ሳልሞክር አልቀረሁም። «ውሃውን ቀንሱ» ተባልን። በደቂቃ ከ45 ሊትር ወደ 25 አወረድነው። ሸክላው ቢቱ ላይ ጋገረ፤ ቢቱ ጋለ፤ በሦስተኛው ዙር ተጣብቆ ግማሽ ቀን ሮድ (የመቆፈሪያውን ዘንግ) ስናወዛውዝ ዋልን። ውሃ ሲበዛ ከሰሉ ይታጠባል፣ ሲያንስ ቢቱ ይቃጠላል። መሀል የሚባል ቦታ አልነበረውም። «በአየር ሞክሩት» ያለኝም ነበር። ጭልጋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ኮምፕረሰሩም የካታሎጉን ያህል አይነፋም። እሱስ ይሁን። የከሰል ብናኝ ከአየር ጋር ተደባልቆ ብልጭታ ካገኘ እንደሚፈነዳ፣ ከከሰል ውስጥም ሚቴን ጋዝ ሊወጣ እንደሚችል ለማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚመከረው። ሦስት የሰው ልጆች ይዤ ነበር።

ከዚያ ምን አደረግን? ያለቀውን ቢት ይዤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ብዙ የማይርቅ የቶርኖ ቤት ያለው ጓደኛ አለኝ። ፖሊ አብረን ነው የተማርነው። የተቃጠለውን ጭንቅላት በቶርኖ ላጠው። ስምንት የካርባይድ ጥርስ በብር ብየዳ ተከለበት። በጥርሶቹ መሀል ከላይ እስከ ታች 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳ። የውስጡን ቦይ በብረት ደፈነው። ሁለት ቀን ፈጀ። ውበት የለውም። ልጆቹ «ጥርሰ ፍንጭት» አሉት።

ከመጀመሪያው ጉድጓድ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብለን ቆፈርን። ማሽኑ ያው፣ ሠራተኛው ያው፣ ፓምፑ ያው። ከሰሉ ጋ ደረስንና አንድ ሜትር ተኩል ቆፍረን ሳብን። ረዳቴ ቱቦውን ሳያዘንብል በፊት በክብደቱ አወቀው። 1 ሜትር ከ38 ሳንቲ ሜትር። 92 በመቶ ማለት ነው። ጥቁሩ ኮር ገና እርጥብ ነበር፤ የቅጠል ንብርብር የመሰለ መስመር ይታይበታል። ለጋ ከሰል ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ቤተ ሙከራውም እርጥበቱን መለካት አለበት። ቶሎ ብለን በፕላስቲክ ጠቀለልነው። ልምድ ያነሰው ቆፋሪ ይህ ነው።

ስለ ባለ ክንፍ ቢቶቹ ብዙ አልልም። የአንዱ የካርባይድ ጥርስ 14 ሜትር ላይ ወለቀ። መቀመጫውን አየሁት፤ ብየዳው የያዘው ግማሹን ብቻ ነው። ብረቱም ሰማያዊ ሆኗል፤ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። ካርባይድ ሲሞቅ የሚለጠጠው የብረትን ግማሽ ያህል ነው። ለዚህ ነው መሀሉ ላይ መዳብ ያለበት ብየዳ የሚገባው፣ ቀስ ብሎም እንዲበርድ የሚተወው። ይህን የበየደ ሰው ቸኩሏል።

ላለመዋሸት፣ ከእናንተ የገዛኋቸው ሮዶች ጥሩ ናቸው። ክራቸው እስካሁን ንክች አላለም።

ኪሳራዬን ባጭሩ ልናገር። 11 ቀን ባክኗል። ውላችን በከሰሉ ንብርብር ውስጥ ከ90 በመቶ ያላነሰ ኮር ይላል፤ ስለዚህ አሠሪዬ የሁለት ጉድጓድ ክፍያ ይዞብኛል። እሱም እውነት አለው። የናፍጣውንና የሠራተኛውን አበል ከእናንተ አልጠይቅም፤ የራሴ ሥራ ነው ብዬ እይዘዋለሁ። የምጠይቀው የሦስቱ ኮር ቢቶችና የጥርሱ የወለቀው ባለ ክንፍ ቢት ዋጋ፣ 87,500 ብር፣ እንዲመለስልኝ ነው። ካልሆነም ውሃው ፊቱ ላይ የሚወጣ፣ ፒዲሲ ጥርስ ያለው ቢትና የተሰነጠቀውን ቱቦ በምትኩ ላኩልኝ፤ ልዩነት ካለ እከፍላለሁ። ለአሠሪዬ የማቀርበው አንድ ገጽ ደብዳቤም እፈልጋለሁ፤ ቢቱ ለጠንካራ ድንጋይ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት።

ተለጣፊውን ደግሞ ተውት። አምራቹ የመታው ቁጥር ይበቃል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ወረቀት በአማርኛ ተርጉማችሁ ከቢቱ ጋር ብትሰጡ፣ የሚገዛው ሰው ራሱ ይመርጣል።

ክረምቱ ገብቷል። የጭልጋ ጭቃ መኪና ስለማያስገባ እስከ መስከረም መጨረሻ አንቆፍርም። መልሳችሁን እስከ ሐምሌ 30 እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ወደ ንግድ ቢሮ እወስደዋለሁ።

ሦስቱም ቢቶች አልተጣሉም። ሁለቱ ታጥበው፣ ቀለም ሳይነካቸው፣ ቢሮዬ ውስጥ ናቸው። ባለሙያ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሦስተኛው፣ «ጥርሰ ፍንጭት» የሆነው፣ አጠገባቸው አለ። የአንዱን ተለጣፊ ልጫለሁ፤ የሁለቱ እንደተለጠፈ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቁፋሮ ሥራ ተቋራጭ፣ ባሕር ዳር

አባሪ፦ የደረሰኝና የፕሮፎርማ ቅጂ፣ የቢቶቹና የሁለቱ ጉድጓዶች ኮር ፎቶ
ግልባጭ፦ ለአሠሪዬ